የአትንኩኝ ጃንጥላ

የሻሽወርቅ የእናቷን የእጅ ጽሕፈት ያገኘችው እስራኤል አገር፣ ያቭኔ ከተማ ውስጥ፣ በአክስቷ በይርገዱ አዲስ ቤት ወለል ላይ፣ ድስትና ብርድ ልብስ በተቆለለበት መሃል ተንበርክካ ነው።

ጊዜው የፋሲካ በዓል ካለፈ በኋላ ነበር፤ እኛ 1978 የምንለው፣ የዚህ አገር ሰው 1986 የሚለው ዓመት። ይርገዱ ከሱዳን ከመጣች ጀምሮ በአዲስ መጤዎች መጠለያ ትኖር ነበር። አሁን የራሷ ቤት ስለተሰጣት የእህቷ ልጅ የሻሽወርቅ ዕቃ ልታጋግዛት ከቂርያት ማላኪ በአውቶቡስ መጣች። የሻሽወርቅ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ኡልፓን ገብታ ዕብራይስጥ ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ልጆች ትጠብቃለች። ቀልጣፋ ናትና ዕቃውን ቶሎ ፈትታ ደረደረች። በመጨረሻ የቀረው፣ ይርገዱ ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ለማንም አላስነካ ያለችው አንድ የጨርቅ ጥቅል ብቻ ነበር።

«ይሄስ ምንድን ነው እቴቴ?»

«ወረቀቴ ነዋ።»

«የምን ወረቀት?»

«እኔ ምን አውቄ! ማንበብ አልችል። ያለ ወረቀት እየሩሳሌም አያስገቡም ብለውን የለ? ቤቴ ውስጥ የተጻፈበት የተባለውን ሁሉ ሰብስቤ ወገቤ ላይ አሰርኩት። እስከ ሱዳን በእግሬ፣ ከሱዳን እዚህ በሰማይ ተሸክሜው መጣሁ። እዚህ ስደርስ ግን አንድም ሰው አምጪ ያለኝ የለም!»

ጥቅሉ ሲፈታ እውነትም የተጻፈበት ነገር ሁሉ አለ። የግብር ደረሰኝ፣ የወባ መድኃኒት ወረቀት፣ ከሳሙና ካርቶን ላይ የተቀደደ ክዳን። የሻሽወርቅ እየሣቀች አንድ በአንድ ስታነሣ፣ ከሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ ፖስታዎች ወጡ። የላይኛውን ገለጠችና ሣቋ ቆመ። «የ»ን እግሯን አስረዝሞ እንደ ማጭድ የሚያጎብጥ ሰው የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እናቷ ታፈሰች።

«ይድረስ ለውድ እህቴ ለይርገዱ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንቺና ከልጄ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ። አሁን ያለሁት ደብረ ዘይት አይደለም። አየር ኃይሉ ወደ ድሬዳዋ ልኮናል። ጦርነቱ እዚህ ነው። ሙቀቱ ራስ ያዞራል። አውሮፕላኖቹ ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ፣ እኛም ጃንጥላ ስናጥፍ እንውላለን። አብራሪው አውሮፕላኑ ቢመታበት ዘሎ የሚወርድበት ጃንጥላ ነው። ለየሻሽ ግን አደራ፣ እንዳትነግሪያት።»

የሻሽወርቅ መልሳ አነበበችው። ሦስተኛውን ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው።

«እቴቴ! እናቴ አየር ኃይል ነበረች?»

ይርገዱ ድስት ከመደርደር ቀና እንኳ አላለችም። «ነበረች እንጂ።»

«በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ? ድሬዳዋ?»

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል? አለፈ እኮ።»

«አዲስ አበባ ፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች ነበር ያላችሁኝ!»

«ምን ልበልሽ ኖሯል? የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ እናትሽ ቦምብ የሚወርድበት አገር ናት ልበልሽ? ስታለቅሺ የማባብልሽ እኔው አይደለሁ? ደግሞ የአገር ሽማግሌ አለ። ሴት ልጅ ከወታደር ጋር፣ ከክርስቲያን ጋር ጦር ሰፈር ተቀመጠች ቢባል ምን ሊሉን ነው? ስፌት አልኩ፣ ስፌት ሆኖ ቀረ።» ድስቱን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ደግሞም ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ጨርቅ ነው የምትነካው።»

ነገሩ የሻሽወርቅን ለምን እንዲህ እንዳስጮኻት ለመረዳት የልጅነቷን ማወቅ ያስፈልጋል። አባቷ ይሄይስ ገና ድክ ድክ ስትል በንዳድ ሞተ። ታፈሰች ልጇን ጎንደር፣ አምቦበር መንደር ለእህቷ ትታ እንጀራ ፍለጋ ከተማ ወረደች፤ ስፌት ተማረች፣ የማታ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ቆጠረች። ለበዓል ትመጣለች፣ ቀሚስ ታመጣለች፣ ተመልሳ ትሄዳለች። አንድ ዓመት ግን ጭራሽ ሳትመጣ ቀረች። ያን ዓመት የሻሽወርቅ ገበያ ከሚመለሰው ሰው ሁሉ መሃል እናቷን ስትፈልግ ከረመች። በኋላ ታፈሰች ጠቅልላ ወደ አገር ቤት ብትመለስም፣ አብረው ሱዳን ተሰድደው፣ አብረው እዚህ ቢደርሱም፣ ልጅቱ ያችን ዓመት አልረሳችም። ለልብስ ስፌት ብላ ተወችኝ ትል ነበር በልቧ። ለማንም አልተናገረችውም እንጂ።

እና አሁን ያ ዓመት ሌላ ዓመት ሆኖ ተገኘ።

«እቴቴ፣ ልውሰዳቸው?»

«ውሰጂ። እኔማ ያኔ የመንደራችን መምህር ዘበነ አንድ ጊዜ አንብቦልኛል። የሳሙናውን ክዳን ግን ተይልኝ፣ ሥዕሉ ደስ ይለኛል።»

አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር ቢኖርም አልተቀመጠችም፤ ቆማ አነበበች። በጋን ያቭኔ በኩል ሲያልፉ ሁለት ጄት ሰማዩን ሰንጥቀው ሄዱ። በዚያ ሰፈር በየቀኑ ያልፋሉ፣ ማንም ቀና ብሎ አያይም። እሷ ግን መስኮቱ ላይ ተለጥፋ እስኪጠፉ ተከተለቻቸው። አጠገቧ የነበሩት ሽማግሌ በዕብራይስጥ «ምን ሆንሽ፣ ደኅና ነሽ?» አሏት። «በጣም ደኅና ነኝ!» ብላ ስትመልስ ድምጿ ከፍ ስላለ ሾፌሩም ዞረ።

ደብዳቤዎቹ በሙቀት፣ በጉድጓድና በሰው የተሞሉ ናቸው። የአየር ጥቃት ሲመጣ የሚገቡበት ጉድጓድ፤ እንደ ጎዳና የረዘመው ማጠፊያ ጠረጴዛ፤ እጅ ታጥቦ እስኪደርቅ ጨርቁ የማይነካ መሆኑ። በየመሃሉ ደግሞ እሷ ራሷ አለች። «የየሻሽን ጠጉር ሹሩባ ስትሠሪላት አታጥብቂባት፣ ግንባሯን ያማታል።» «የየሻሽ እግር ስንት ሆነ? በክር ለክተሽ ክሩን ላኪልኝ።» የሻሽወርቅ ክሩን አስታወሰችው። አክስቷ ለምን እግሯን በክር እንደለካች ጠይቃ መልስ ያላገኘችበትን ቀን።

ከሰዎቹ ሁሉ ስሙ የሚደጋገመው አንድ ነው። «ጥላዬ የሚባል የወገራ ልጅ አለ፣ ወገናችን ነው። አውሮፕላን ነዳጅ ይቀዳል። ቅዳሜ እንዳልሠራ ተራዬን ከሌላ ሴት ጋር የሚያለዋውጥልኝ እሱ ነው። ሲስቅ የፊት ጥርሱ የለም።» የመጨረሻው ደብዳቤ ግን ሰውን የሚያሳብድ ነበር። «እህቴ ይርገዱ፣ ትናንት ጉድ ሆነ። ሻምበል መንገሻ የሚባል አብራሪ የኔን ጃንጥላ» ይላል፣ እዚያው ያበቃል። ሁለተኛው ቅጠል ወንዝ ሲሻገሩ ረጥቦ ቀለሙ ሁሉ ፈስሷል። ወደ ብርሃን ብትይዘው፣ ብታገላብጠው፣ ሰማያዊ ደመና ብቻ ነው።

ታፈሰች በቤኤር ቱቪያ የፋብሪካ መንደር፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያሸገች ነው የምትውለው። ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ የሻሽወርቅ እንደ ዋዛ ጠየቀቻት።

«እማ፣ ድሬዳዋ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

ታፈሰች ሰሃን እያጠበች ነበር። እጇ ቀጥ አለ። «ማን ምን አለሽ?»

«እንዲያው ነው።»

«ሞቃት አገር ነው ይላሉ» አለችና ቧንቧውን ዘግታ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።

ሌላ ልጅ ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። የሻሽወርቅ ግን እናቷ ካልነገረቻት፣ አክስቷም «ረስቼዋለሁ» ካለቻት፣ ሌላ የሚነግራት ሰው መፈለግ ጀመረች። ጥላዬ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ እያለች ኡልፓኑን አዳረሰች፣ ጤና ጣቢያ ተራ የሚጠብቀውን ሁሉ ጠየቀች። ወሬው የተገኘው ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ላይ ከየከተማው የማይመጣ ሰው የለም። ማሪቱ የምትባል ሴት ስሙን ስትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጥላዬ ጥርሰ ጎደሎው?» አለች።

«አዎ! አዎ፣ እሱ!»

«ቀስ በይ፣ ለቅሶ ላይ ነን። ገዴራ ነው ያለው። ዛፍ ያጠጣል ለከተማው። ግን ጥርሱን አሠርቷል፣ በጥርሱ እንዳትፈልጊው።»

በማግስቱ ትምህርቱን ትታ ገዴራ ወረደች። በየመንገዱ ዛፍ የሚያጠጣ ሰው ስትጠይቅ ቆይታ፣ አንድ ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ረጅም የውኃ ጎማ የያዘ፣ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው አየች።

«ጋሼ ጥላዬ ነዎት?»

«ነኝ፣ ልጄ።»

«ድሬዳዋ አየር ኃይል ነበሩ አይደል?»

ሰውየው ፊቱን ወደ ዛፉ መለሰ። «ተሳስተሻል። እኔ ገበሬ ነበርኩ። ወታደር አልነበርኩም።»

«እናቴ ታፈሰች ናት» አለች የሻሽወርቅ ቶሎ ብላ። «ጃንጥላ አጣፊዋ።»

ጎማው ከእጁ ወደቀ። ውኃው እንደ እባብ ተጥመልምሎ ሁለቱንም ከጉልበት በታች አራሳቸው። ጥላዬ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «አትንኩኝ!» ብሎ ጮኸ።

የሻሽወርቅ ደንግጣ ሸሸች። «ኧረ አልነካሁዎትም!»

ጥላዬ ሣቀ፤ እየሣቀ ዓይኑን ጠረገ፣ ጎማውን ሊዘጋ ሮጠ፣ መልሶ ሣቀ። «አንቺን አይደለም ልጄ! እናትሽን ነው። ስሟ ነው! ጦር ሰፈሩ ሁሉ አትንኩኝ ነበር የሚላት። አልነገረችሽም? ነይ፣ ነይ ተቀመጪ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የሻሽወርቅ የተቋረጠውን ደብዳቤ አውጥታ አነበበችለት። ሻምበል መንገሻ የሚለው ላይ ስትደርስ ጥላዬ በእጁ አስቆማት።

«ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ልንገርሽ። ሻምበል መንገሻ ጠዋት ተነሣ፣ አውሮፕላኑን ነዳጅ የቀዳሁለት እኔ ነኝ። ጓደኛው ተመለሰ፣ እሱ አልተመለሰም። ተመትቷል፣ ነድዷል አሉ። እናትሽ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ጃንጥላውን ያጠፈችው እሷ ነበረቻ! እያንዳንዱ ጃንጥላ ካርድ አለው፣ ያጠፈው ሰው ይፈርምበታል። ‹ገመዱ ተጠላልፎበት ይሆን? እጥፋቱን አሳስቼ ይሆን?› እያለች ስትንቆራጠጥ ዋለች። በማግስቱ ሄሊኮፕተር መጣ። ማን ይውረድ? ሻምበል መንገሻ! ፊቱን እሾህ ቧጭሮታል፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ሐኪም ቤት እንውሰድህ ቢሉት እምቢ ብሎ እያነከሰ ቀጥታ ወደ ጃንጥላ ክፍል! ‹ታፈሰች የታለች?› ብሎ ሲጮህ፣ እናትሽ ሊቆጣት የመጣ መስሏት ጠረጴዛ ሥር ገባች።»

«ጠረጴዛ ሥር?»

«ጠረጴዛ ሥር! ለምነን አወጣናት። ሻምበሉ ወድቆ ጉልበቷን ሊስም ሲል፣ ‹አትንኩኝ!› ብላ ወደ ኋላ ዘለለች።»

የሻሽወርቅ አፏን ያዘች። ማብራሪያ አላስፈለጋትም። በአገር ቤት ከወገን ውጭ የሆነ ሰው የነካው ቤተ እስራኤል ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው ራሳቸው «አትንኩኝ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ያን ቃል ለአንድ ሻምበል፣ ያውም ከሞት ተርፎ ለመጣ፣ ያውም ተንበርክኮ ላለ!

«ሰው ሁሉ ሻምበሉን አየ» አለ ጥላዬ። «አለቀላት አልኩ። ጠጋ ብዬ ጆሮው ላይ ምክንያቱን ነገርኩት። ሻምበሉ ዝቅ ብሎ እግሯ ሥር ያለውን መሬት ሳመ። ‹እሺ እህቴ፣ አልነካሽም። እጅሽ ግን ነክቶኛል። ከሰማይ ይዞ ያወረደኝ እሱ ነው› አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ አብራሪ ሁሉ ‹የአትንኩኝን ጃንጥላ ስጡኝ› ሆነ! ሌሎቹ ሴቶች አኮረፉ እኮ። አሁን እናትሽ የት ናት?»

«ቂርያት ማላኪ።»

«ቂርያት ማላኪ? አጠገቤ?» ብድግ አለ። «ያላ፣ ተነሺ! ዛፉ ነገ ይጠጣል።»

አውቶቡሱ ውስጥ ሁለቱም አፋቸው አልዘጋም። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል፣ እሱ ያልጨረሰውን እሷ ከደብዳቤው ትሞላዋለች። እርጥብ ጫማቸው ጭቅ ጭቅ ሲል ሰው ዞሮ ያያቸዋል። ቂርያት ማላኪ ሲደርሱ የፋብሪካው አውቶቡስ ሠራተኞቹን እያወረደ ነበር። ታፈሰች ሻሿን እንዳሰረች፣ የምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ከሴቶቹ ኋላ ወረደች። ጥላዬ ከመንገዱ ማዶ ቆመና ደረቱን ነፋ።

«አትንኩኝ!»

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ታፈሰች ዕርምጃዋ ተገታ። መጀመሪያ ሰማይ አየች፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ የጠፋባት ይመስላል። ከዚያ ሰውየውን አየችው፣ አጠገቡ የቆመችውን ልጇንም አየች።

«ጥላዬ? ጥላዬ ነዳጁ?»

የምሳ ዕቃዋን እዚያው ጥላ መንገዱን አቋረጠች፣ አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋባት፣ አልሰማችም። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ጉንጩን ሳመች፣ ትከሻውን መታች፣ እንደገና ሳመች። «ጥርስህ! ጥርስ አበቀልክ እንዴ በእርጅናህ! ሞቷል ብለውኝ አልቅሼልህ ነበር እኮ!»

«እኔም ላንቺ አልቅሻለሁ። እኩል ነን።»

ቤት ገብተው ከተቀመጡ በኋላ የሻሽወርቅ ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ታፈሰች በጣቷ ጫፍ ነካቻቸው እንጂ አልከፈተቻቸውም።

«ይርገዱ ጠብቃቸው ኖሯል?»

«የእየሩሳሌም መግቢያ ወረቀት መስለዋት።»

ታፈሰች ሣቀች። «ሱዳን ውስጥ የኢትዮጵያ ወታደር ነበር የተባለ ሰው፣ ሰላይ ነህ ተብሎ ይወሰዳል ይሉን ነበር። አንቺን ይዤ ነበር። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። አንዴ የተዘጋ አፍ ደግሞ ዝገት ይይዘዋል።»

«እማ፣ እኔ ለስፌት ብለሽ የተውሽኝ ይመስለኝ ነበር።» አለች የሻሽወርቅ። «ወታደር አልነበርሽም፣ ሠራተኛ ነበርሽ። ድሬዳዋ አልሄድም ማለት አትችይም ነበር?»

ጥላዬ ወደ መስኮቱ ዞረ። ታፈሰች የልጇን ዓይን ቀጥ ብላ አየች።

«እችል ነበር። የቀሩ ሴቶች አሉ። እኔ ግን እነዚያን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ በየጠዋቱ ‹ታፌ፣ በደንብ አጠፍሽልኝ?› እያሉኝ ነው የሚወጡት። ሌላ ሰው ተሳስቶ ቢያጥፍላቸውስ? አንቺም በልቤ ነበርሽ። አንዱን ስመርጥ ሌላው አመመኝ። ቀለል አድርጌ ልነግርሽ አልችልም ልጄ፣ እንዲህ ነበር።»

የሻሽወርቅ ሌላ መልስ ስትጠብቅ የኖረች ይመስላት ነበር፤ ይሄኛው ግን አሁን ካላት ጥማት ጋር ተስማማ። አልቅሳ ሳትጨርስ መጠየቅ ጀመረች። አውሮፕላኑ ሲነሣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል ወይ? ጉድጓድ ውስጥ ምን ታወሩ ነበር? ሻምበሉስ የት ደረሰ? የመጨረሻውን ማንም አያውቅም። ሌላውን ሁሉ ግን እየተሻሙ መለሱላት። የታፈሰች ዝገት በአንድ ቀን ለቀቀ።

በነፃነት ቀን፣ አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሥጋ ሲጠብስ፣ ያቭኔ ይርገዱ ቤት ተሰበሰቡ። ሰገነቱ ላይ እንዳሉ የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች ተሰልፈው በላያቸው አለፉ። ታፈሰችና ጥላዬ እንደ ልጅ ተጋፍተው የሰገነቱን ብረት ያዙ። በሚቀጥለው ሰገነት ላይ የይርገዱ ጎረቤት፣ ከሞሮኮ የመጡ ትልቅ ሴት፣ ያጨበጭባሉ። የሻሽወርቅ ልቧ ሞቀ፤ እስከ ዛሬ በማንም ፊት ያላለችውን በዕብራይስጥ ጮክ ብላ ተናገረች። እናቴም አየር ኃይል ነበረች፣ ኢትዮጵያ፣ በጦርነት።

«ማ?» አሉ ሴትዮዋ፤ ምን ማለታቸው ነው። «አብራሪ?»

«አይደለም፣ አብራሪዎቹ የሚወርዱበትን…» ቃሉ ጠፋት። እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ በዝግታ እየተወዛወዘች ወደ ታች ዝቅ አለች።

«ሚጽናሕ!» ብለው ሴትዮዋ ጮኹ። ወደ ቤታቸው ዞረው ባላቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ምራታቸውን ጠሩ። ብዙም ሳይቆይ ኬክ የያዘ ቤተሰብ ይርገዱ ቤት ገባ፤ ወንበር አልበቃ ብሎ አልጋ ላይ ተቀመጡ።

«ሚጽ…ናሕ» አለች ታፈሰች፣ ቃሉን እያጣጣመች። «ጃንጥላ ይሻላል። ቤሰደር፣ እሺ፣ ንገሪያቸው የሻሽ። ሻምበሉ ሲመጣ እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ነበር…»

«ሥር!» አለ ጥላዬ።

«አጠገብ ነው! መቀስ ወድቆብኝ ላነሣ ጎንበስ አልኩ።»

«መቀሱ እስኪነሣ ያን ያህል ያስለምናል?»

ይርገዱ በሣቅ ወደቀች። እንግዶቹ ምን አሉ፣ ምን አሉ እያሉ የሻሽወርቅን ይጎትቷታል። እሷም አንዱን ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ ሌላው እየደረሰባት፣ በሁለት ቋንቋ መሃል ላብ እያጠመቃት ትተረጉማለች።